አባዬን የቆነጠጥኩባቸው ቦታዎች

አባዬን ቀኝ ጉልበቱ ላይ መቆንጠጥ የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። በፈቃዱ ነበር። እንዲያውም ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። «ጥፍርሽን አትጠቀሚ። በሁለት ጣት ያዢ፣ ጠምዝዢ፤ እንዲህ» ብሎ መጀመሪያ በራሱ ላይ አሳየኝ። እኔም ትልቅ ሥራ እንደተሰጠው ሰው በደንብ ተለማመድኩ፤ ትራስ ላይ፣ የእማዬ ክንድ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ ክፍል ውስጥ አጠገቤ በሚቀመጠው ልጅ ላይ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ መኪናችን ውስጥ ከአባዬ ጎን እቀመጣለሁ። ጭኔ ላይ ማጠፊያው ተሰብሮ በላስቲክ የታሰረ ላፕቶፕ አለ። ገመዱ በእግሮቼ መሃል አልፎ ዳሽቦርዱ ስር ይገባል። አባዬ መኪናዋን እያስጮኸ ዳገቱን ይወጣል፤ እኔ አዳምጣለሁ። ከሞተሩ ጩኸት በላይ፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናጥ የሚሰማ ዓይነት ቀጭን ድምፅ ከመጣ ወዲያው እቆነጥጠዋለሁ።

«ጠጠር ካልሰማሽስ?» ይለኛል ከመነሳታችን በፊት።

«አልቆነጥጥም።»

«ከተጠራጠርሽ?»

«እቆነጥጣለሁ።»

«ጎበዝ። ጉልበቴ ይችለዋል» ይልና ቁልፉን ያዞራል።

መኪናችን ትንሽ ናት። ሞተሯ ግን የእሷ አልነበረም። አባዬ በእጥፍ ከምትበልጣት መኪና አውጥቶ፣ አየር በኃይል የሚገፋለት ቱርቦ ጨምሮበት፣ ኮፈኑ አልዘጋ ሲል ኮፈኑን ቆርጦ የከተተው ነው። እማዬ «የድመት ገላ፣ የነብር ሳንባ» ትላታለች፤ ወደ ገበያ ስትሄድም በእግሯ መሄድ ትመርጣለች።

ችግሩ ቤንዚኑ ላይ ነበር። ፋብሪካ የሠራው ሞተር መቼ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭለት የሚናገር የቁጥር ሰንጠረዥ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። የእኛን ሞተር ግን እንደዚያ ሆኖ የሚያውቀው ፋብሪካ የለም። ስለዚህ አባዬ ሰንጠረዡን ራሱ ይሞላል፣ ቤት በቤት። ወደ ጎን የሞተሩ ዙር ነው፣ ወደ ታች ሞተሩ የተሸከመው ጫና። ሁለቱ በሚገናኙባት ቤት ውስጥ አንዲት ቁጥር ተቀምጣለች፤ የቤንዚኑ ልክ እሷ ናት። «ካነሰው ጠጠር እየናጠ ይቃጠላል፤ ከበዛበት ትን ይለዋል» ይለኝ ነበር። ስንነዳ አንዲት ቢጫ ምልክት ከቤት ወደ ቤት ትዘላለች፤ እኔ ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ይመስለኝ ነበር። ስቆነጥጠው አባዬ እግሩን ያነሳል፣ ዳር ይይዛል፣ ላፕቶፑን ወስዶ ቢጫዋ የቆመችበትን ቤት ይፈልጋል፣ እዚያ ላይ ሦስት ይጨምራል። ከዚያ ወደ ታች ተመልሰን ዳገቱን እንደገና እንወጣለን።

ጋራዥ ውስጥ አባዬን «ጆሮ» ይሉታል። «ጆሮን ጥሩት»፣ «ይቺን ጆሮ ይስማት»። ባለ ጋራዡ ጋሽ ቡሎን ናቸው። የወደቀ ቡሎን ባዩ ቁጥር አንስተው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ስለሚከቱ፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ በግራ በኩል ይንጋደዳል። «እኔ የምሰበስበውን ጆሮ ይሰማዋል። የላላ ቡሎን መንገድ ማዶ ሆኖ ያውቃል» ይሉ ነበር ለደንበኛ።

ቤታችን መስኮት ላይ ደግሞ ሁለት ዋንጫ ነበረን። የሌላ ልጅ አባት ዋንጫ ያብረቀርቃል፣ ስም ተጽፎበታል። የአባዬ ግን ድፍን ያለ ጥቁር ብረት ነው፤ ቁመቱ እንደ ኩባያ፣ አናቱ ላይ ጠርዙ የቀለጠ ቀዳዳ። በቀዳዳው እስክሪብቶ እናቆምበታለን። «ማን ሰጠህ?» ብዬ ስጠይቀው «ሞተር» አለኝ። እኔም ለክፍሉ ልጆች ሁሉ አባቴ ከሞተር ጋር ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ማሸነፉን ነገርኩ።

ዛሬ ሁለቱም የእኔ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ፒስተኖች ናቸው። በዚያ ዓመት፣ በሁለት ወር ልዩነት፣ በአባዬ እጅ የቀለጡ የሁለት ደንበኞች ሞተር ፒስተኖች። ጠጠሩ ሲናጥ ያልተሰማላቸው።

ያኔ ግን እኔ አባዬን ከሁሉ በላይ የማደንቀው ባለመስማቱ ነበር። ሰው ሲጠራው ዝም በማለት የሚስተካከለው አልነበረም። እማዬ ከጓዳ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ «ቆሻሻውን አውጣልኝ» ትላለች፤ እሱ ጋዜጣውን ይገልጣል። ትደግማለች፤ ገጹን ያዞራል። ሦስተኛ ላይ ራሷ ታወጣዋለች። ፊቱ ላይ እኮ አንዲት ጡንቻ አትንቀሳቀስም። ይህን ጥበብ ለመልመድ እኔም አስተማሪዬ ላይ ሞከርኩት፤ ግማሽ ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ቆምኩ። ከሃያ ዓመት የብረት መቁረጫና የጭስ ማውጫ ጩኸት በኋላ ከአባዬ ጆሮ ቀድሞ የሄደው ቀጭኑ ድምፅ መሆኑን ማን ይነግረኛል። ወፍራሙ ቀርቶለት ነበር። የጋሽ ቡሎን ድምፅ ወፍራም ነው። የእማዬ ቀጭን ነው። የጠጠሩም ቀጭን ነው።

አንድ ቀን አባዬ በሌለበት ጋሽ ቡሎን ቤታችን መጡ። እኔ ከእማዬ የስፌት ጠረጴዛ ስር ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነበር። እማዬ እንግዳ ሲያስጨንቃት ሥራ አታቆምም፤ የስፌት መኪናዋን ታፈጥናለች እንጂ። ስለዚህ ከንግግሩ የሰማሁት መኪናዋ ፋታ ስትሰጥ ያመለጠውን ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ሰውየው ደህና ነው?»

ጥዝዝዝ።

«ሁለት ሆኑ እኮ። ሦስተኛ ከተጨመረ…»

ጥዝዝዝ።

«ይሰማል» አለች እማዬ። «ሲፈልግ ይሰማል።»

እኔ የገባኝ ሦስተኛ ዋንጫ እየመጣ መሆኑ ነው። መስኮቱ ላይ ቦታ አዘጋጀሁ፤ የእማዬን የአበባ ማስቀመጫ ወደ ጥግ ገፋሁት። በስፌት መኪናዋ ጩኸት የተሸፈነውን እማዬ የነገረችኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። «ሦስተኛ ከተጨመረ እጁን ከሞተር አነሳለሁ፤ ጎማ እየፈታ ይኖራል» ነበር ያሉት።

ሪባን የምንላት ልጅ የክፍላችን ልጅ ናት። በየቀኑ ሌላ ቀለም ሪባን ታስራለች፤ ስትቆም አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ቤታቸው የዳገቱ ወገብ ላይ ነው፤ በራቸው ሰማያዊ ቆርቆሮ። ይቺ ልጅ በክፍሉ ሁሉ ፊት «የአባቷ መኪና የድስት ክዳን ሲወድቅ ነው የምትመስለው» አለች። ሳቁ። መልሱ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አስቀምጬ እንደ አውሮፕላን ነጂ በራቸው ላይ መቆም እንደሆነ ወዲያው ታይቶኛል።

እናም ሰማያዊውን በር ስናልፍ ቆነጠጥኩ። ጠጠር አልነበረም።

አባዬ እግሩን አነሳ፣ በሩ ፊት ቆመ። ሪባን በጩኸቱ ወጣች። እኔ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ የሥራ ሰው ነኝ። ጣቴን ሰንጠረዡ ላይ አድርጌ ለአባዬ አንዲት ቤት አሳየሁት። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዙር፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ እግር እስከ ግማሽ። ቁጥሯ ስልሳ ሁለት ነበረች። ስልሳ አምስት አደረጋት።

በማግስቱም ቆነጠጥኩ። ስልሳ ስምንት። ሪባን እህቷን ጠርታ ወጣች። ሰባ አንድ። ዳገቱ ያው ነው፣ ማርሹ ያው ነው፣ በሩም ያው ነው። ስለዚህ ቢጫዋ ምልክት ሁልጊዜ እዚያችው ቤት ውስጥ ትቆማለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰባት ጊዜ ቆነጠጥኩት። ጎረቤቶቿ ቤቶች ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ አራት ሲሆኑ እሷ ሰማንያ ሦስት ገባች። ያቺን ቤት ያሳበጥኳት እኔ ነኝ።

ትን ማለት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። እስከ ሪባን በር በሰላም ትወጣለች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ህቅ ትላለች፣ ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዷን ትቀጥላለች። በሦስተኛው ቀን ጭሱ የሪባን እናት ያሰጣቻቸው ሁለት ነጭ አንሶላዎች ላይ አረፈ።

የሪባን እናት አንሶላዎቹን በክንዷ ተሸክማ መጣች። አባዬ ከቤታችን ደጅ ኮፈኑ ውስጥ አጎንብሶ ያፏጫል። እኔ አጥር ላይ ነኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ አንሶላ ነው ወይስ የጋራዥ ጨርቅ?»

አባዬ አፏጨ።

«አንተን እኮ ነው። ጀርባ ነው እንዴ የምታናግረኝ?»

አባዬ ዜማውን ከፍ አደረገ። እንደዚህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም፤ ሴትዮዋን የሠፈሩ ዘበኛ እንኳ ይፈራታል። በመጨረሻ አንሶላውን ሞተሩ ላይ ጣለችው። አባዬ ቀና አለ። አንሶላውን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ አጥሩ ላይ ያለሁትን እኔን አየ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አላት። «እናጥበዋለን።»

የእኛ ያለው እውነቱን ነው። እሱና እኔ ትልቅ ሳፋ መሃላችን አድርገን አጠብን። ቅርብ ለቅርብ፣ ፊት ለፊት ነበርን።

«ይሄ ብዙ ቤንዚን ነው» አለ ጥላሸቱን እያሸ። «የት ጋ ነበር የቆነጠጥሽኝ?»

«በሩ ጋ።»

«ሰባቴም?»

«ሰባቴም።»

«ጠጠር ነበረ?»

አረፋውን አየሁ። «ነበረ» አልኩ።

«እሺ» አለ፤ አንሶላውንም ገልብጦ ሌላውን ጎን ማሸት ጀመረ።

ይህችን «እሺ» ከየትኛውም ግርፊያ በላይ ፈራኋት። በዚያ ሳሙና ላይ ለራሴ ማልኩ፤ ከእንግዲህ ጠጠር ቢናጥም፣ ድንጋይ ቢናጥም፣ ተራራ ቢናድም አልቆነጥጥም።

ከሳምንት በኋላ ጋሽ ቡሎን ቅዳሜ ጠዋት ረዥምና ዝቅ ያለች መኪና ይዘው መጡ። የአንድ የጥርስ ሐኪም መኪና ናት፤ ቱርቦ አስጨምሮባት ሰንጠረዡን አባዬ ሞልቶታል። አሁን ዳገቱ ላይ ባለቤቱ ባለበት መፈተን አለባት። ሐኪሙ ከኋላ ገባ። ጋሽ ቡሎን የፊቱን በር ከፈቱ።

«እዚያ ልጅቷ ናት የምትቀመጠው» አለ አባዬ።

«ልጅቷ? ምን ልትሆን?»

«ላፕቶፑን ትይዛለች።»

«እኔ ላፕቶፕ መያዝ አቅቶኝ ነው?»

«አይደለም ጋሼ። የእርስዎ ሆድ ላፕቶፑን ከዓይንዎ ያርቀዋል።»

ሐኪሙ ከኋላ ሳቀ። ጋሽ ቡሎን ግን አልሳቁም። አባዬን ትንሽ አዩትና ኪሳቸውን እያንሿሹ ከኋላ ገቡ። እኔ አባዬ እንዲህ የተሟገተልኝ ዳገቱን ስለምወድ ነው ብዬ ነበር።

ሰማያዊው በር ጋ ስንደርስ እጄን መቀመጫዬ ስር ከተትኩት። አባዬ በዓይኑ ጥግ አየኝ፤ ቅንድቡ ከፍ አለ። አለፍን። ከበሩ በላይ መንገዱ ይታጠፍና ዋናው ዳገት ይመጣል። አባዬ እግሩን እስከ መጨረሻው ረገጠ። ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ፤ ቢጫዋ ምልክት ሰንጠረዡ ላይ ወደ ቀኝ ወደ ታች ትሮጥ ጀመር።

ያኔ መጣ። ጣሳ፣ ውስጡ ጠጠር። በመጀመሪያ ጥቂት፣ ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ።

እጄ ከስሬ አልወጣም። አንደኛ ምያለሁ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛው ዋንጫ የሚመጣው ዛሬ ይሆናል፤ ጋሽ ቡሎን ራሳቸው ተገኝተው የለ። አባዬ ወደፊት ያያል፣ ያፏጫል። እግሩ አልተነሳም። መስታወቱ ውስጥ ጋሽ ቡሎን አንገታቸውን አዘንብለው እያዳመጡ ነው፤ ፊታቸው ተኮማትሯል፣ አፋቸው ሊከፈት ነው።

በዚህ መሃል የአባዬ ጉልበት ወደ እኔ ተጠጋ። ትንሽ ነው፤ አንድ ጣት ያህል። ሳያየኝ፣ ፉጨቱን ሳያቋርጥ፣ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ጉልበቱ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

ምንም አልገባኝም። ግን ጉልበቱ እየጠየቀኝ መሆኑ ገባኝ። እጄን አውጥቼ ያለ የሌለ ኃይሌን ቆነጠጥኩት።

«ጥፍር» አለ በለሆሳስ። እግሩን አነሳ።

ዳር ይዘን ቆምን። አባዬ ላፕቶፑን ወስዶ አራት ቤቶች ላይ ቤንዚን ጨመረ፣ የቱርቦውን ግፊት ቀነሰ፣ ወደ ታች ወረድን፣ እንደገና ወጣን። ጠጠር የለም። ሐኪሙ እንደ ልጅ እየሳቀ «አንዴ ብቻ፣ አንዴ ድገምልኝ» አለ። ጋሽ ቡሎን ግን ከመኪናው ሲወርዱ ዞረው መጥተው አባዬ ፊት ቆሙ፤ ዓይን ለዓይን። ቃሉን ቆርጠው ቆርጠው፣ ጮክ ብለው «ነገ ጠዋት ና። አንተና እኔ ብቻ» አሉት።

የተጣሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጋሽ ቡሎን አባዬን ከጀርባ ጠርተውት አያውቁም። በወሩ ደግሞ ሞተር ላይ የሚታሰር ትንሽ ማይክሮፎንና ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ቀይ መብራት ከየት እንደሆነ እንጃ አመጡለት። ጠጠር ሲናጥ መብራቷ ትበራለች። እኔ ሥራዬን የቀማችኝ እሷ ናት ብዬ ጠመድኳት፤ ሁለት ጊዜ ማስቲካ ለጠፍኩባት። አባዬ ማስቲካውን በቢላ ጫፍ ሲልጥ «አንቺ አለሽ አይደል እንዴ» አለኝ፤ ጉልበቱንም ወደ እኔ አቀረበ።

አባዬ ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። በነዚህ ወራት አንድ ነገር ሳላደርግ ከረምኩ፤ መኪናዋን አላስነሳኋትም። ባለፈው እሁድ ጋሽ ቡሎን በምርኩዝ መጡና «ቆማ ትደርቃለች፤ ነይ እናንቀሳቅሳት» አሉኝ። እኔ መሪውን ያዝኩ፣ እሳቸው ከጎን። ሆዳቸው ጎድሏል፤ ላፕቶፑ ጭናቸው ላይ በደንብ ተቀመጠ። ላስቲኩ እንኳን ያው ነው።

ሰንጠረዡን ሲከፍቱ በሥዕል መልክ ወጣ፤ ከዝቅታ ወደ ከፍታ የሚሄድ ለስላሳ ጉብታ። መሃሉ ላይ አንዲት እብጠት፣ ብቻዋን፣ ትንኝ የነከሰችው ግንባር መስላ።

«ይቺን አየሻት?» አሉ ጋሽ ቡሎን። «ስንት ጊዜ ላስተካክላት ብዬዋለሁ።»

«የእኔ ናት» አልኩ። «ዋሽቼው ነው።»

«እሱ አጥቶት ነው? እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ሲፈታ እንደ ከሰል ጠቁሮ ያገኘዋል። ጠጠር የተናጠበት ሞተር ካንዴላ እንደዚያ አይሆንም። ደግሞስ ሰባት ጊዜ፣ አንድ በር ላይ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አለኝ?»

አንድ ቡሎን ከኪሳቸው አውጥተው እያገላበጡ አሰቡ። «በሐኪሙ መኪና ማግስት፣ ብቻችንን ሆነን ጆሮው መድከሙን በነገረኝ ቀን ጠይቄው ነበር። ‹ልጅቷን ካፋጠጥኳት ታፍራለች። ካፈረች ደግሞ እውነተኛው ሲመጣ አትቆነጥጠኝም› አለኝ። መብራቷ ከገባች በኋላም ብዬዋለሁ፤ አሁንስ አስተካክላት፣ አያስፈልግህም ብዬ። ያኔ ሳቀ።»

ዳገቱን ጀመርኩት። ሦስተኛ ማርሽ፣ እግር እስከ ግማሽ። ሰማያዊው በር ከሩቅ ታየ፤ ቀለሙ ተልጧል፣ ቆርቆሮው ግን አለ። ከአጥሩ በላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል።

«ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አሉ ጋሽ ቡሎን፤ ጣታቸው ሰማንያ ሦስት ላይ አርፏል። «ስልሳ ሁለት ላድርጋትና ትገላገል?»

ቀኝ እጄን ከመሪው አንስቼ ጉልበታቸውን ቆነጠጥኳቸው። በሁለት ጣት፣ ያለ ጥፍር።

«ኧረ አንቺ ልጅ» ብለው ጣታቸውን ሰበሰቡ።

ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። መኪናዋ ህቅ አለች፣ ጥቁር ጭሷን ተፋች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዷን ቀጠለች። መስታወቱ ውስጥ ሰማያዊው በር ተከፈተ። ሳፋ የያዘች ሴት ወጥታ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ መንገዱን ወዲህና ወዲያ ትቃኝ ጀመር። ሪባን አላሰረችም፤ አቋቋሟ ግን ያው ነው።

ምናልባት ልታየኝ ከፈለገች ብዬ፣ ቀስ አልኩላት።